"ዛር ልመና ሳይያዙ ገና"

ይህን ተረት የሰማሁት ከአክስቴ ነው። የቤት ኪራይ መክፈያዬ ሦስት ቀን ሲቀረው ገንዘቡ አልሞላልኝም። "ዝም ልበልና ሲመጡ እናያለን" አልኳት። ጀበናዋን ከከሰሉ ላይ አነሳችና "ዛር ልመና ሳይያዙ ገና ነው ልጄ! ዛሬውኑ ሄደህ ሴትዮዋን አናግራት" አለችኝ።

ትርጉሙ ይኸው ነው። ጣጣ ሳይመጣ ደጅ ጥና። አንዴ ከያዘህ ዋጋው ሌላ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን "ልመና" የምትለዋ ቃል ናት። ለምን "ማስወጣት" አላለም? ጸበል ቦታ የሚታየው እኮ ማስወጣት ነው። አጥማቂው መስቀሉን በተያዘችው ሴት ግንባር ላይ አድርጎ "ማን ነህ? የት ያዝካት?" ይላል። መንፈሱ ይለፈልፋል፤ "ተቃጠልኩ!" ይላል። "ልቀቃት!" ይባላል። ድርድር የለም።

ዛር ቤት ግን ገበያ ነው። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ ይዘፈናል። የተያዘው ሰው የዛሩ "ፈረስ" ነው። አንገቱን እያሽከረከረ ሲያጓራ፣ ዛሩ ወጣ ይባልና "ምን አጠፋን? ምን ይሁንልህ?" ተብሎ ይጠየቃል። ዶሮ ይላል፤ ያውም ቀለሟን መርጦ። ቀለበት ይላል፣ ሽቶ ይላል። ሲሰጠው ይለዝባል እንጂ ለቅቆ አይሄድም። ተረቱ የተቀዳው ከዚህ ልማድ ነው።

አፈ ታሪኩም ይህንኑ ያግዛል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት አሉ። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ የሚያማምሩትን 15ቱን ደበቀች። "የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ" ተባለ፤ ዛሮቹ እነሱ ናቸው። እንግዲህ ወንድም አይባረር፣ ይለመናል።

እውነት መንፈስ ነው ወይስ ትወና? ይህን ሊያጣራ ከሞከሩት አንዱ ፈረንሳዊው ጸሐፊና የባህል ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ፣ አባ ጀሮም እያስተረጎሙለት፣ መልካም አያሁ የምትባል የታወቀች ባለዛር ቤት ለወራት ተመላለሰ። ያየውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ኋላ ላይ የደረሰበት ነገር ማጭበርበር ነው ብሎ የሚዘጋ አልነበረም፤ የተያዘው ሰው እየተወነም ቢሆን የሚተውነውን ይኖረዋል ባይ ነው። እኔን ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። ሥርዓቱን ለማየት ሲል የሚታረደውን ከብት የሚገዛው ራሱ ነበር። ሊመረምር መጥቶ ለዛሩ ግብር አቀረበ፣ ያውም ሳይያዝ ገና።