ፑሉ ኪሊንግ፦ ሩቅ ነው እንጂ ባዶ አይደለም

ፑሉ ኪሊንግ በሕንድ ውቅያኖስ መሃል የሚገኝ ደሴትና የአውስትራሊያ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከፐርዝ ከተማ ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የኮኮስ ደሴቶች አካል ቢሆንም ከሌሎቹ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተነጥሎ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እንዲህ ስለራቀ ቦታ ብዙ ነገር በግምት ይወራል።

«ይህቺን ለምታክል ደሴት ፓርክ ምን ያደርግላታል?»

የብሱ በእርግጥም ትንሽ ነው፤ 1.2 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን እዚያች ላይ 30,000 ያህል ጥንድ እግረ ቀይ ቡቢዎች ይራባሉ። በዓለም ካሉት የዚህ ወፍ መንጋዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ቡቢ የዓሣ አዳኝ የባሕር ወፍ ነው። ይሄኛው ዓይነት ጎጆውን የሚሠራው ዛፍ ላይ ስለሆነ ጫካው ከሄደ ወፉም አብሮ ይሄዳል።

«ሰው ረግጦት የማያውቅ ድንግል መሬት ነው»

ረግጦታል እንጂ! የኮኮስ ማላዮች፣ ማለትም የማላይ ዝርያ ያላቸው የኮኮስ ደሴቶች ነዋሪዎች፣ ወፍ ለማደን በጀልባ ይመላለሱበት ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1914 ደግሞ ኤምደን የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ ሲድኒ ከተባለችው የአውስትራሊያ መርከብ ጋር ተዋግታ ተሸነፈች። ካፒቴኑ መርከቧ ከምትሰጥም ብሎ በዚችው ደሴት የኮራል ዳርቻ ላይ ሆን ብሎ አወጣት። ከ130 በላይ ጀርመኖች ሞቱ። አብዛኛው ብረቷ በኋላ ተቆራርጦ ተወስዷል፤ የቀረው ዛሬም ባሕሩ ውስጥ አለ።

«ፓርክ ከሆነ ከፍሎ መግባት ነው»

ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ጀልባ የሚጠጋበት ወደብ የለም። ጎብኚው ማዕበሉን እየሰነጠቀ በዋና ነው የሚገባው።

«የኮኮናት ሸርጣን የባሕር እንስሳ ነው፣ ኮኮናት ብቻ ይበላል»

በደሴቱ ከሚኖሩት ሁሉ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ፍጥረት ነው። ክብደቱ እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል፤ የብስ ላይ ከሚኖሩ የሸርጣን ዘመዶች ሁሉ ግዙፉ ነው። አድጎ ባሕር ውስጥ ቢገባ ታፍኖ ይሞታል፣ ምክንያቱም የሚተነፍሰው አየር ነው። ባሕሩን የሚፈልገው ለልጆቹ ነው። እናቲቱ ውሃው ጠርዝ ድረስ ሄዳ እንቁላሎቿን ትለቃለች። ጫጩቶቹ ጥቂት ሳምንታት ባሕር ላይ ተንሳፍፈው ያድጉና ባዶ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ለብሰው ወደ የብስ ይወጣሉ። ሲያድጉ ቅርፊቱን ይጥሉታል። ምግቡም ቢሆን ያገኘው ሁሉ ነው፦ ፍራፍሬ፣ በድን፣ ሌላ ሸርጣን፤ ሲቀናው ወፍም።

«ማንም ስለማይደርስበት አደጋ የለበትም»

ሰው ባይደርስም ሌላው ይደርሳል። የኮኮስ ማላዮች «አያም ሁታን»፣ የጫካ ዶሮ፣ የሚሉት ወፍ ድሮ በደቡቦቹ ደሴቶችም ይኖር ነበር። ድመትና አይጥ መጣ፣ ጫካውም ለኮኮናት ተመነጠረ፤ ወፉ የተረፈው ፑሉ ኪሊንግ ላይ ብቻ ሆነ። አንድ ክፉ አውሎ ነፋስ ቢመጣ ዘሩ በአንድ ቀን ሊያልቅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2013 የተወሰኑት ሆርስበርግ ወደተባለችው ደሴት ተወስደው ሁለተኛ ቤት ተበጀላቸው።

ፕላስቲኩ ግን ፈቃድም አይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በኮኮስ ደሴቶች ዳርቻዎች ላይ 414 ሚሊዮን ቁራጭ ቆሻሻ እንዳለ ገምቷል፤ 238 ቶን ማለት ነው። አብዛኛው አሸዋው ሥር የተቀበረ ስለሆነ ላይ ላዩን ለሚያይ አይታይም። ከዚያ ውስጥ የጥርስ ብሩሹ ብቻ 373,000 ያህል ነው። የደሴቶቹ ነዋሪ ደግሞ 600 ሰው ገደማ!