ቁራን ከጫጩትነት አሳድጎ ማላመድ

ቁራ በሰው እጅ ማደግ ይችላል። ሆኖም የዶሮና የእርግብ ልምድ እዚህ ብዙም አይጠቅምም። ቁራ የሰው ፊት ለይቶ ያስታውሳል፣ የበደለውን አይረሳም፣ ያመነውንም ለዓመታት አይለቅም። በቂ እንክብካቤ ካገኘ ከ20 ዓመት በላይ ስለሚኖር፣ ጫጩቱን ለማንሳት መወሰን የአንድ ወቅት ጉዳይ አይደለም።

የትኛው ቁራ?

በሰው እጅ ሲያድግ በብዛት የሚታየው ደረቱና አንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነው የአፍሪካ ቁራ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በሰፊው ይገኛል፤ በኢትዮጵያም በገበያና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ የተለመደ ነው። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። በደጋው የሚኖረውና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ ግን ለቤት አይመከርም፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ወፍራም መንቁሩም ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘትን ይከለክላል። በአሜሪካ የአገሩ ተወላጅ ቁራዎች ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስደተኛ አእዋፍ ሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ፣ ግለሰቦች የሚያሳድጉት ከውጭ የመጣውን ነጭ ደረት የአፍሪካ ቁራ ነው፤ የክፍለ ግዛቱን ደንብ አስቀድሞ ማየት ግን ግድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አንገቱ ግራጫ የሆነውን የሕንድ ቁራ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ወራሪ ብሎ መዝግቦ ማሳደጉን ከልክሏል።

ከማንሳት በፊት

የቁራ ጫጩት በደንብ መብረር ሳይችል ከጎጆ መውጣቱ የተለመደ ነው። ላባ ለብሶ መሬት ላይ የሚዘል፣ ወላጆቹም በላዩ እየዞሩ የሚጮኹለት ጫጩት አልተጣለም፤ ድመትና ውሻ ከማይደርሱበት ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጦ መራቅ ይበቃል። ላባ ያላወጣ ከሆነ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ጎጆው ከፈረሰ ውኃ የሚያሳልፍ ቅርጫት እዚያው ዛፍ ላይ ይታሰርለታል። የሰው እጅ ስለነካው ወላጆቹ ይተዉታል የሚባለው እውነት አይደለም። መነሳት ያለበት የቆሰለ ወይም ወላጆቹ መሞታቸው የታወቀ ጫጩት ብቻ ነው።

አመጋገብ

የቀዘቀዘ ጫጩት ምግብ አይፈጭም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይበላል። ላባ ለሌለው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ከጎኑ ማድረግ ይቻላል። ላባው ሰውነቱን ከሸፈነ በኋላ ተጨማሪ ሙቀት አይፈልግም።

ዋናው ምግብ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ የድመት ደረቅ ምግብ ነው፤ በእኩል መጠን ውኃ ለግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ስፖንጅ እስኪመስል ይለሰልሳል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ፌንጣ፣ ምስጥና የተከተፈ ጥሬ ሥጋ ይጨመርበታል። ገና ላባ ያላወጣው በየ20 እስከ 30 ደቂቃው፣ ላባው መከፈት የጀመረው በየሰዓቱ፣ ሙሉ ላባ የለበሰው በየ2 ሰዓቱ ይበላል። ሌሊት አይመገብም፤ ወላጆቹም ከጎህ እስከ ምሽት ብቻ ነው የሚያጎርሱት። ጉርሻው ጫፉ ባልሾለ ወረንጦ መንቁሩን ሲከፍት ወደ ጉሮሮው ጠልቆ ይገባል፤ ከጠገበ አይከፍትም፣ በግድም አይከፈትም።

ብዙ ጫጩት የሚሞተው በሁለት ስህተት ነው። አንደኛው ውኃ በጠብታ ወይም በመርፌ አፉ ውስጥ ማንጠባጠብ ነው። የአየር ቧንቧው መግቢያ ከምላሱ ሥር ስለሆነ ውኃው ወደ ሳንባ ይገባና በሳንባ ምች ይሞታል። የሚያስፈልገውን ውኃ ከረጠበው ምግብ ያገኛል። ሁለተኛው ሥጋ ብቻ መመገብ ነው። በሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩም ይቆለመማል፤ ከተቆለመመ በኋላ ማቅናት አስቸጋሪ ነው። ለ100 ግራም ጥሬ ሥጋ 1 ግራም ገደማ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት፣ ማለትም ሩብ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ ጉድለቱን ይሸፍናል። ወተት፣ ጨው የበዛበት ምግብ፣ ቸኮላትና አቮካዶ ፈጽሞ አይሰጥም። ዳቦም ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ በክንፍና በጭራ ላባ ላይ የሚታየው አግድም ስስ መስመር ላባው በሚያድግበት ጊዜ ርሃብ ወይም ጭንቀት እንደነበረ ያሳያል።

ጫጩቱ የሚቀመጥበት ቦታ የሚያንሸራትት ወለል ሊኖረው አይገባም፤ እግሮቹ ወደ ጎን ተንሸራተው ይቀራሉ። የሻገተ ጭድም የሳንባ በሽታ ያመጣል። ያደገ ቁራ ቢያንስ 3 ሜትር የሚረዝምና 2 ሜትር ከፍታ ያለው የውጭ ቤት፣ ውፍረታቸው የተለያየ ማረፊያ እንጨቶችና ሰፊ የመታጠቢያ ሳህን ያስፈልገዋል። ቁራ ያገኘውን ትንሽ ነገር ሊውጥ ይችላል፤ ዚንክ የተቀባ ሽቦ ቁራጭ፣ ሳንቲምና ትንሽ ባትሪ ይመርዙታል።

መላመድ

ዓይኑ ሳይከፈት በሰው ብቻ ያደገ ጫጩት ሰውን እንደ ወገኑ ይቆጥራል። ይህ ደስ የሚል ቢመስልም ዋጋው ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁራ ዱር ተለቆ ከሌሎች ቁራዎች ጋር መኖር ይከብደዋል። ሊለቀቅ የታሰበ ጫጩት ከሌሎች የቁራ ጫጩቶች ጋር ያድጋል፣ በምግብ ሰዓት ካልሆነ በቀር ሰው አይቀርበውም።

ላባ ለብሶ የመጣ ቁራ የሚላመደው በትዕግሥት ነው። አጠገቡ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ትክ ብሎ ሳያዩት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚወደውን ምግብ ማስቀመጥ መጀመሪያ ነው፤ ምግቡ ቀስ በቀስ ወደ እጅ ይቀርባል። በግድ መያዝ የሳምንታት ድካም ያበላሻል። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 (እ.ኤ.አ.) ጭምብል ለብሰው ቁራዎችን ያዙ፤ ከዓመታት በኋላም ያንኑ ጭምብል ያደረገ ሰው ባለፈ ቁጥር ቁራዎቹ ተሰብስበው ይጮኹበት ነበር። ስለዚህ መድኃኒት ለመስጠት ወይም ጥፍር ለመቁረጥ መያዝ ካለበት፣ ከአሳዳጊው ሌላ ሰው ቢይዘው ይሻላል።

እምነቱ የሚታወቀው አንገቱን ደፍቶ የጭንቅላቱን ላባ ሲነፋና እንዲታከክለት ሲጠብቅ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ሲያጉረመርም፣ ምግብ አምጥቶ ሲሰጥ ነው። የሰው ቃል መምሰልም ይችላል። ለዚህ ምላሱ መሰንጠቅ አለበት የሚለው የቆየ እምነት ጭካኔ እንጂ ጥቅም የለውም፤ የወፍ ድምፅ የሚወጣው የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ነው።

ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ በተለይ በመራቢያ ወቅት፣ አንዱን የቤት ሰው እንደ ጥንድ ቆጥሮ ሌሎቹን ሊነክስ ይችላል። መምታትም መጮኽም አይረዳም፤ ወዲያው ፊት አዙሮ መሄድና ሲረጋጋ መመለስ ይሻላል። ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት ከጫጩትነቱ ጀምሮ በተራ ቢመግቡት ችግሩ ይቀንሳል፤ አሳዳጊው ቢታመም ወይም አገር ቢለውጥም ቁራው ከማያምነው እጅ አይወድቅም።