የሥራ አጥነት መድንና የቀውስ ጊዜ የድጋፍ ክፍያ

የኢኮኖሚ ቀውስ ሲደርስ መንግሥት ገቢው ለተቋረጠበት ሰው ገንዘብ የሚያደርስባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው የሥራ አጥነት መድን ነው፤ ይህም ሠራተኛውና አሠሪው፣ በአንዳንድ አገሮች ደግሞ አሠሪው ብቻውን፣ በደህናው ጊዜ ከሚያዋጡት ገንዘብ ላይ ያለ ጥፋቱ ሥራውን ላጣ ሰው የቀድሞ ደመወዙን ከፊል ለተወሰነ ጊዜ የሚከፍል ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ቀውሱ ከገባ በኋላ በልዩ ሕግ ወይም በአስቸኳይ ውሳኔ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚወጣ የድጋፍ ክፍያ ሲሆን፣ መዋጮ ከፍሎ ለማያውቀውም ሰው ሊደርስ ይችላል። በመድኑ ተከፋዩ የሚጠይቀው መብቱን ነው፤ በድጋፍ ክፍያው ግን የሚጠብቀው የሌሎችን ውሳኔ ነው። ይህ ልዩነት የክፍያውን መጠን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የሚደርስበትንም ቀን ይወስናል፤ ለተቸገረ ቤተሰብ ደግሞ ከመጠኑ ይልቅ ቀኑ የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሠራሩ

መድኑ በየአገሩ መልኩ ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። አመልካቹ ሥራ ከማጣቱ በፊት በነበሩት ወራት የተወሰነ ጊዜ የሠራና መዋጮ የተከፈለለት መሆን አለበት። በራሱ ፈቃድ ሥራውን የለቀቀ ወይም በከባድ ጥፋት የተሰናበተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን ይከለከላል ወይም ይዘገይበታል። መብቱ የተረጋገጠለትም ቢሆን በሥራ ፈላጊነት ተመዝግቦ፣ ለሥራ ዝግጁ መሆኑንና ሥራ እየፈለገ መሆኑን በየጊዜው ማሳወቅ ይኖርበታል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ዝቅተኛ መስፈርቶች ስምምነት (ቁጥር 102) ክፍያው ከመነሻ ደመወዙ ከ45 በመቶ እንዳያንስ ይደነግጋል፤ በ1988 የወጣው ስምምነት ቁጥር 168 ይህንን ወደ 50 በመቶ ከፍ አድርጎታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1952ቱ ስምምነት የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ያለ ክፍያ እንዲታለፉ ይፈቅዳል። ሰባት ቀን በወረቀት ላይ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ይህ የመጠበቂያ ሳምንት፣ ማመልከቻው የሚመረመርበት ጊዜና የቀድሞው አሠሪ ማረጋገጫ እስኪሰጥ የሚያልፈው ቀን ሲደማመሩ፣ የመጀመሪያው ክፍያ የሚመጣው የቤት ኪራይ መክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቁጠባ የሌለው ሰው ብድር ውስጥ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ በኋላ የሚመጣውም ገንዘብ ገና ከመድረሱ የዕዳ መክፈያ ይሆናል።

ከጌንት እስከ ዊስኮንሲን

የቤልጅየሟ የጌንት ከተማ በ1901 የሠራተኛ ማኅበራት ራሳቸው ያቋቋሟቸውን የሥራ አጥነት ፈንዶች ከከተማው ገንዘብ መደጎም ጀመረች። ማኅበራት የሚያስተዳድሩት መድን እስከ ዛሬ «የጌንት ሥርዓት» እየተባለ ይጠራል፤ በዴንማርክና በስዊድንም በዚሁ መልክ ይሠራል። በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያውን ግዴታዊ መድን ያቆመችው ግን ብሪታንያ ስትሆን፣ በ1911 የወጣው የብሔራዊ መድን ሕግ ግንባታን፣ መርከብ ሥራንና የማሽን ምህንድስናን በመሳሰሉ ሥራቸው በሚዋዥቅ ሙያዎች የተሰማሩ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ሠራተኞችን ይሸፍን ነበር። ክፍያው በሳምንት 7 ሽልንግ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የ5 ሳምንት መዋጮ የ1 ሳምንት ክፍያ ይታሰባል፤ በዓመት ከ15 ሳምንት አይበልጥም። የሕጉ ትልቁ ቁም ነገር ከሽልንጉ ይልቅ በሐሳቡ ላይ ነው። ሥራ ማጣት የሰውየው ስንፍና ሳይሆን የኢንዱስትሪው ባሕርይ የሚያመጣው አደጋ ነው ተብሎ በሕግ ሲጻፍ፣ ድህነትን እንደ ነውር ያይ የነበረው የቀድሞው የድሆች ሕግ መሠረቱ ተናጋ።

ይሁን እንጂ የመድኑ ስሌት የቆመው ሥራ አጥነት አጭር ነው በሚል ግምት ነበር። መድኑ በ1920 ወደ 11 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሠራተኞች ከተስፋፋ ብዙም ሳይቆይ የድንጋይ ከሰል፣ የጨርቃ ጨርቅና የመርከብ ሥራ አካባቢዎች ለዓመታት የዘለቀ ሥራ አጥነት ውስጥ ገቡ። በ1931 መንግሥት ክፍያውን በ10 በመቶ ቀነሰ፤ የመድን መብታቸውን ለጨረሱት ደግሞ የቤተሰብ ሀብት ምርመራ አመጣባቸው። መርማሪው ከቤት ድረስ መጥቶ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ምን ቁጠባና ምን የቤት ዕቃ እንዳለ ይጠይቃል። ሴት ልጅ በፋብሪካ ተቀጥራ ደመወዝ ካገኘች ያ ገንዘብ ከአባቷ ክፍያ ላይ ይታሰባል። አባቱ በእሱ ደመወዝ ምክንያት ባዶ እጁን እንዳይቀር ሲል ቤቱን ለቆ ሌላ ቦታ የተከራየ ወጣት ብዙ ነበር። ምርመራው ለመንግሥት የተወሰነ ገንዘብ አድኖ ይሆናል፤ በቤተሰብ መካከል የተወው ቁስል ግን የቤተሰብ ምርመራው በ1941 ከተሻረ በኋላም ለአንድ ትውልድ አልሻረም።

በጀርመን የሆነው ከዚህም ይከፋል። መድኑ በ1927 በሕግ በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ ጉድለቱን ለመሙላት መዋጮው ይጨመር ወይስ ክፍያው ይቀነስ በሚል ክርክር የመራሔ መንግሥቱ የሄርማን ሙለር ጥምር መንግሥት በመጋቢት 1930 ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በፓርላማ አብላጫ ላይ የቆመ መንግሥት በያኔዋ የጀርመን ሪፐብሊክ፣ በቫይማር ሪፐብሊክ፣ አልታየም። በ1932 መጀመሪያ የተመዘገቡት ሥራ አጦች ከ6 ሚሊዮን በላይ ደርሰው ነበር።

አሜሪካ ወደዚህ የገባችው ዘግይታ ነው። ከሠራተኛው ኃይል ሩብ ያህሉ ሥራ አጥ በነበረበት በ1933 የፌዴራሉ መንግሥት ለክፍለ ግዛቶች የእርዳታ ገንዘብ ማከፋፈል ጀመረ። የመድን ሕግ በማውጣት ቀዳሚዋ ዊስኮንሲን ስትሆን፣ በ1932 ያወጣችው ሕግ የመጀመሪያውን ክፍያ፣ የ15 ዶላር ቼክ፣ ያስገኘው በነሐሴ 1936 ነው። በመካከሉ የ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሌሎቹን ክፍለ ግዛቶች ወደ ሥርዓቱ አስገባ። ከሕጉ እስከ ቼኩ አራት ዓመት መፍጀቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ መድን በቀውስ መካከል ሊወጠን ይችላል እንጂ ለዚያው ቀውስ አይደርስም፤ ፈንዱ መጀመሪያ መሞላት አለበትና።

ገንዘቡ በኢኮኖሚው ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ኢኮኖሚስቶች የሥራ አጥነት መድንን ከራስ-ሰር ማረጋጊያዎች ይመድቡታል። ሥራ ሲጠፋ ምክር ቤት ሳይሰበሰብ ክፍያው በራሱ ይጨምራል፤ ሥራ ሲገኝ በራሱ ይቀንሳል። ሥራውን ያጣ ሰው የሚያገኘውን ገንዘብ በአብዛኛው ወዲያው ለምግብ፣ ለኪራይና ለመድኃኒት ስለሚያወጣው፣ ክፍያው የእሱን ቤት ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትን ነጋዴና የነጋዴውን ሠራተኛም ይደግፋል። በዚህ ላይ ሊታረም የሚገባው አንድ ጉድለት አለ። በአሜሪካ እንደሚደረገው የአሠሪው መዋጮ ባሰናበተው ሠራተኛ ብዛት ልክ የሚጨምር ከሆነ፣ ወይም ፈንዱ ሲራቆት መዋጮው ወዲያው ከፍ ከተደረገ፣ ሸክሙ በአሠሪው ላይ የሚወድቀው መቅጠር በተሳነው ሰዓት ነው። ፈንዱ በደጉ ጊዜ በደንብ የተሞላ ከሆነ ይህ ችግር ይቃለላል።

በእነዚህ ክፍያዎች ላይ የሚነሳው የቆየ ተቃውሞ ሰውን ከሥራ ያዘናጋሉ የሚል ነው። የክፍያው ጊዜ ሲረዝም ሥራ የመፈለጊያው ጊዜም በመጠኑ እንደሚረዝም በብዙ ጥናት ታይቷል። ሆኖም በቀውስ ጊዜ ክፍት የሥራ ቦታ ራሱ ስለሚጠፋ ይህ ውጤት ደካማ ነው። ከዚህም በላይ ጊዜ ያገኘ ሰው ለሙያው የሚስማማ ሥራ መፈለግ ይችላል፤ ጊዜ ያላገኘው ግን ያጋጠመውን ሥራ ይዞ እንደገና ሊለቅ ይችላል። መቶ አመልካች አንድ የሥራ ቦታ በሚሻማበት ወቅት ዘጠና ዘጠኙን በስንፍና መክሰስ ፍትሕ አይደለም።

የ2020ው ፈተና

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ ዓለም በዚህ ሥርዓት ላይ ከታዩት ፈተናዎች ሁሉ ከባዱን አየ። በአሜሪካ በመጋቢት 2020 መጨረሻ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ አዲስ ማመልከቻ ቀረበ። በመጋቢት 27 የተፈረመው ሕግ ለአንድ አዋቂ እስከ 1,200 ዶላር፣ ለአንድ ልጅ 500 ዶላር በቀጥታ እንዲከፈል፣ በመድኑ ክፍያ ላይም በሳምንት 600 ዶላር እንዲጨመር አዘዘ፤ በግላቸው የሚሠሩትንና መደበኛው መድን የማያቅፋቸውን በልዩ መርሐ ግብር አስገባ። ጭማሪው ለሁሉም እኩል 600 የሆነበት ምክንያት ፖለቲካዊ ብቻ አልነበረም። የእያንዳንዱን ሰው የጠፋ ደመወዝ አስልቶ በልኩ መክፈል የብዙ ክፍለ ግዛቶች ኮምፒውተሮች የሚችሉት ሥራ አልነበረም። አንዳንዶቹ ከአሥርት ዓመታት በፊት ኮቦል በተባለ ቋንቋ በተጻፉ ፕሮግራሞች ይሠሩ ስለነበር፣ የኒው ጀርዚ ገዥ ቋንቋውን የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲደርሱላቸው በይፋ ጠይቀዋል። በዚህ የተነሳ ብዙ ዝቅተኛ ደመወዝተኞች ከቀድሞ ደመወዛቸው የሚበልጥ ክፍያ ሲያገኙ፣ ሌሎች ደግሞ ለሳምንታት ስልክ እየደወሉ መስመር ሳያገኙ ቀሩ።

ቀጥተኛው ክፍያ ከዚህ የፈጠነው በግብር መሥሪያ ቤቱ መዝገብ በኩል ስለሄደ ነው። የባንክ ሒሳባቸው በመዝገቡ ላለ ሰዎች ገንዘቡ ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ገባ፤ ሒሳብ የሌላቸው፣ ማለትም ከሁሉ ይልቅ የቸገራቸው፣ በፖስታ የሚላከውን ቼክ ጠበቁ። በችኮላ የተከፈተው በር ለአጭበርባሪም ተከፈተ፦ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በወረርሽኙ ጊዜ ከሥራ አጥነት ክፍያ በማጭበርበር የተወሰደውን ከ100 እስከ 135 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ይህ ትንሽ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው የመጣው ማንነትን የማረጋገጫ ሥርዓት አስቀድሞ ባለመዘርጋቱ እንጂ ሰው በመረዳቱ አይደለም።

የአውሮፓ መንግሥታት ሌላ መንገድ ይዘው ነበር፤ ሠራተኛው ከመሰናበቱ በፊት ደመወዙን ደገፉ። ጀርመን «ኩርትስአርባይት» በሚባለው የአጭር ሥራ ሰዓት ሥርዓቷ ከጠፋው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን ትተካለች፤ በሚያዝያ 2020 ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች በዚህ ተሸፍነው ነበር። ብሪታንያ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይኖራት የሠራተኛውን ደመወዝ 80 በመቶ፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ድረስ፣ መሸፈን ጀመረች፤ መርሐ ግብሩ በመስከረም 2021 መጨረሻ እስኪዘጋ 11.7 ሚሊዮን የሥራ መደቦችን ደግፏል። አዲስ ሆኖ ሳለ መፍጠን የቻለው አሠሪዎች ደመወዝ በከፈሉ ቁጥር ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስታውቁበት አሠራር ቀድሞ ስለነበረ ነው። የዚህ መንገድ ብርታት ሠራተኛና መሥሪያ ቤቱ ሳይለያዩ ቀውሱን መሻገራቸው ነው፤ ድካሙ ደግሞ የማይመለስን ሥራ ለወራት ሊያቆይ መቻሉ ነው።

መድን የሌለው ብዙኃን

ከላይ የተነገረው ሁሉ የደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰውን የሚመለከት ነው። በዓለም ላይ ግን ከሠራተኞች ከግማሽ የሚበልጡት የሚሠሩት ውልና መዋጮ በሌለበት ኢመደበኛ ዘርፍ ሲሆን፣ የዓለም ሥራ ድርጅት ወረርሽኙ በመጣበት ወቅት ባወጣው ሪፖርት በገንዘብ ክፍያ በተግባር የተሸፈኑት ሥራ አጦች 18.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደቡብ ኮሪያ የሥራ መድኗን በ1995 ጀምራ ስለነበር፣ የ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ሲመታት በ1998 ወደ ትናንሽ ድርጅቶች ሁሉ ለማስፋፋት መነሻ አግኝታለች። አርጀንቲና በ2002 ሥራ ለሌላቸው የቤተሰብ ኃላፊዎች በወር 150 ፔሶ በመክፈል ወደ 2 ሚሊዮን ሰዎች ደርሳለች፤ በምላሹም በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሥራ ወይም ሥልጠና ትጠይቅ ነበር። ብራዚል በ2020 በወር 600 ሪያል ስትከፍል፣ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት እጥፉን ሰጥታለች።

ከሁሉም ይልቅ የቶጎ ምሳሌ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። በሚያዝያ 2020 በተጀመረው «ኖቪሲ» በተባለ የድጋፍ መርሐ ግብር አመልካቹ በተራ ስልኩ አጭር ቁጥር ደውሎ የመራጭነት ካርዱን ቁጥር ያስገባል። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ከመራጮች መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ በመዝገቡ ሙያውም መኖሪያውም ሰፍሯልና። የሚገባው ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ወደ ስልኩ ይላካል። ቢሮ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ሀብትህን አሳይ የሚል መርማሪ የለም። በዋና ከተማው በሎሜ አካባቢ ለሴቶች በወር 12,250፣ ለወንዶች 10,500 የሴፋ ፍራንክ ይከፈል ነበር። በኋላ ወደ ደሃ የገጠር ወረዳዎች ሲሰፋ ተረጂዎች የተለዩት በሳተላይት ምስልና በስልክ አጠቃቀም መረጃ ነው። ስልክ ወይም ካርድ የሌለው ሰው ከመረቡ ውጭ መቅረቱ አልቀረም፤ ያም ሆኖ ለምርጫ የተሠራ መዝገብ ለቀውስ መድረሱ ብዙ ሀብታም አገሮች ያልቻሉት ነገር ነው።

ከክፍያው በኋላ

ቀውሱ ሲያልፍ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል፤ ያላግባብ ተከፍሏል የተባለውን ገንዘብ ማስመለስ። ካናዳ በ2020 በሳምንት 500 ዶላር ስትከፍል ቅድሚያ የሰጠችው ለፍጥነት ስለነበር መብቱን ያጣራችው በኋላ ነው፤ ብዙዎችም ገንዘቡን ከተጠቀሙበት በኋላ መልሱ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ይህ ሥራ ያለ ጥንቃቄ ሲሠራ የሚያደርሰውን ጉዳት ከቀውስ ክፍያ ውጭ የሆነው የአውስትራሊያ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ከ2015 ጀምሮ በተዘረጋውና «ሮቦዴት» ተብሎ በታወቀው አሠራር፣ የተረጂው የዓመት ገቢ ከግብር መዝገብ ይወሰድና ለ26 የሁለት ሳምንት ክፍሎች እኩል ይካፈል ነበር። ስድስት ወር ሥራ አጥ ሆኖ ስድስት ወር የሠራ ሰው በዚህ ስሌት ዓመቱን ሙሉ ገቢ እንደነበረው ይታይና ዕዳ ይመዘገብበታል። ዕዳ እንደሌለበት የማስረዳቱ ሸክም የወደቀው በእሱ ላይ ስለነበር፣ ከዓመታት በፊት የለቀቀውን አሠሪ ፈልጎ የደመወዝ ወረቀት ማምጣት ነበረበት። መንግሥት በ2019 መጨረሻ በፍርድ ቤት የስሌቱን ሕገ ወጥነት አመነ፤ የተሰበሰበው ገንዘብም እንዲመለስ ተደረገ። በሐምሌ 2023 ሪፖርቱን ያቀረበው የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን አሠራሩ ፍትሐዊም ሕጋዊም እንዳልነበረ የጻፈው፣ ደብዳቤው በደረሳቸው ጊዜ የደረሰባቸውን ጭንቀት ቀርበው ያስረዱ ሰዎችንና በሕይወት የሌሉ ልጆቻቸውን ታሪክ የተናገሩ እናቶችን ካዳመጠ በኋላ ነው።