«መልስ ከሌለ ስሙ ነጻ ነው» እና ሌሎች የዶሜይን ፍለጋ ስህተቶች

የዶሜይን ምዝገባን የሚጠይቅ ክፍት ምንጭ ላይብረሪ ባለበት ሁሉ አንድ ዓይነት ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ ማቅረቢያ) አይጠፋም። ለውጡ ሁለት መስመር ነው፦ የሰርቨር አድራሻ፣ ከሥሩ አንድ ሬጌክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ)። ርዕሱ «ለእንትን ቅጥያ ድጋፍ ተጨምሯል» ይላል (ቅጥያ የስሙ መጨረሻ ነው፣ እንደ ዶት ኮም)። ቴስት የለውም፤ ካለውም አንድ የታወቀ ስም ጠይቆ «ሠርቷል» የሚል ነው። ያልተመዘገበ ስም ሲጠየቅ፣ ሰርቨሩ «አበዛችሁት» ሲል፣ ግንኙነቱ መሃል ላይ ሲበጠስ ላይብረሪው ምን እንደሚመልስ የሞከረ የለም። እነዚያን ሁለት መስመሮች ያስጻፉት እምነቶች እነዚህ ናቸው።

«ሁኢዝ የታወቀ ቅርጽ አለው፤ አንዴ ከተነተኑት ለሁሉም ይሆናል።»

የለውም። ሁኢዝ ስለ ዶሜይን ምዝገባ ሰርቨር የሚጠየቅበት የቆየ ፕሮቶኮል ነው፤ ደንቡ፣ አርኤፍሲ 3912፣ የሚለው ይህን ያህል ነው፦ በቲሲፒ ፖርት 43 ተገናኝ፣ ጥያቄህን በአንድ መስመር ልከህ በካሪጅ ሪተርንና በላይን ፊድ (የመስመር መጨረሻ ምልክቶች) ጨርስ፣ ሰርቨሩ መስመሩን እስኪዘጋ አንብብ። መልሱ ምን ምን መስክ እንደሚይዝ፣ ቀን እንዴት እንደሚጻፍ፣ ጽሑፉ በምን ኢንኮዲንግ እንደሚመጣ አይወስንም።

ጥያቄው ራሱ እንኳ ከቅጥያ ቅጥያ ይለያያል። ዶት ኮም ላይ ስሙን ብቻውን ብትልኩ የስም ሰርቨር መዝገቦች ተቀላቅለው ሊመጡ ይችላሉ፤ ከፊቱ «ዶሜይን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና አንድ ክፍተት አስቀድሙ። የጀርመኑ ዶት ዲኢ ዝርዝሩን እንዲሰጥ ከስሙ በፊት «ሰረዝ ቲ፣ ክፍተት፣ ዲኤን» ይፈልጋል። የጃፓኑ ዶት ጄፒ ከስሙ ኋላ ስላሽና «ኢ» ካልተከተለ በጃፓንኛ ይመልሳል። የብራዚሉ ዶት ቢአር ቀንን በስምንት አሃዝ ገጥሞ ይጽፋል፤ የኮሪያው ዶት ኬአር ዓመት፣ ወርና ቀኑን በነጥብና በክፍተት ይለያል። ዶት ዲኢ ደግሞ ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን ከነጭራሹ አያወጣም። ስለዚህ ያ መስክ ባዶ ሲሆን «ላይብረሪው ተበላሽቷል» ብላችሁ ኢሹ አትክፈቱ።

«ዲኤንኤስ ካልመለሰ ስሙ አልተያዘም።» ዲኤንኤስ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት ነው። የስም ሰርቨር ያልተሰጠው የተመዘገበ ስም አለ፤ ክላየንት ሆልድ ወይም ሰርቨር ሆልድ የሚል የእገዳ ሁኔታ ተጥሎበት ከዞኑ፣ ማለትም ዲኤንኤስ ከሚያነበው የቅጥያው ዝርዝር፣ የወጣም አለ። ሁለቱም በዲኤንኤስ አይታዩም፣ ሁለቱም ባለቤት አላቸው።

«ሁኢዝ የባለቤቱን ስም ይሰጣል።» የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ በእ.ኤ.አ. 2018 ሜይ 25 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በአብዛኛው አይሰጥም። ያ መስክ የግዴታ ነው የሚል ኮድ ካላችሁ አውጡት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

«መልሱ ባዶ ከሆነ ስሙ ነጻ ነው።»

እምነቱ በአፍ አይነገርም፤ ኮድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ተንታኙ የምዝገባ ቀን ፈልጎ ካጣ ባዶ ዋጋ ይመልሳል፣ ጠሪው ባዶውን አይቶ «አልተመዘገበም» ይላል። እንዲህ በተሠራ ላይብረሪ ውስጥ የሚከተሉት ሁሉ «ነጻ ነው» ተብለው ይወጣሉ፦ ታይምአውት፤ ከገደብ በላይ ጠይቃችኋል የሚል ማስጠንቀቂያ፤ የሰርቨሩ ጥገና ማስታወቂያ፤ ሬጅስትሪው፣ ማለትም የቅጥያውን መዝገብ የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ የመስኩን ስም በአንድ ፊደል የቀየረ ዕለት፤ ሶኬቱን አንዴ ብቻ በ4096 ባይት ያነበበ ኮድና በዚያው ተቆርጦ የቀረ መልስ። በአምስቱም የማይታወቅ ነገር የታወቀ ተደርጎ ተነግሯል።

የተለመደው ጥገና ደግሞ ከበሽታው ይብሳል፦ «አልተገኘም» የሚመስሉ ሐረጎችን ዝርዝር አዘጋጅቶ በመላው ጽሑፍ ውስጥ ማሰስ። ዶት ኮም «ኖ ማች ፎር» ይላል፣ ዶት ዲኢ «ስታተስ» ብሎ ከጎኑ «ፍሪ» ይጽፋል። ሁለቱን ሐረጎች ለሁሉም ቅጥያ ብትፈልጓቸው «ፍሪ» የሚለው ቃል በስም ሰርቨር አድራሻ፣ በድርጅት ስም፣ ከግርጌ በሚለጠፈው የአጠቃቀም ውል ውስጥ ይገኛል። የተመዘገበውን ስም ነጻ አደረጋችሁት ማለት ነው። ሰው ደግሞ በዚህ መልስ ላይ ተመርኩዞ የድርጅቱን መጠሪያ ይመርጣል፣ የሚያበቃ ስም ይጠብቃል።

መፍትሔው ማስረጃ ከሁለቱም ወገን መጠየቅ ነው። ስሙ ተመዝግቧል ለማለት በመስመር መነሻ ላይ የዶሜይን መስክ መኖር አለበት፤ ዋጋውም ትንሽና ትልቅ ፊደል ከተስተካከለ በኋላ ከጠየቃችሁት ስም ጋር መግጠም አለበት። አልተመዘገበም ለማለት የዚያው ቅጥያ የታወቀ ሐረግ፣ በሚጠበቅበት መስመር ላይ፣ ከመነሻው ጀምሮ መገኘት አለበት። ከሁለቱ አንዱም ካልተገኘ መልሱ «አልታወቀም» ነው፤ ይህ ደግሞ ባዶ ዋጋ ሳይሆን ራሱን የቻለ ኤክሴፕሽን ወይም ሁኔታ ሆኖ፣ ጥሬው ጽሑፍ ተያይዞበት ይውጣ። አራተኛም ያስፈልጋል፦ ስሙ ራሱ ልክ አይደለም። ዶት ዲኢ «ኢንቫሊድ» የሚለው ለዚህ ነው፤ እሱን ከ«ፍሪ» ጋር መቀላቀል ማንም ሊያስመዘግበው የማይችለውን ስም ለሽያጭ ማቅረብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመር። «አልተመዘገበም» ራሱ «ትገዙታላችሁ» ማለት አይደለም። ሬጅስትሪው ለራሱ ያስቀመጠው ወይም በልዩ ዋጋ የሚሸጠው ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈንክሽኑን «ይገዛል ወይ» ብላችሁ አትሰይሙት። «ተመዝግቧል ወይ» በሉት፤ ላይብረሪው ማረጋገጥ የሚችለው እስከዚያ ነው።

«የሚያበቃበት ቀን ካለፈ ስሙ ይለቀቃል።»

ዶት ኮም ላይ ቀኑ ሲደርስ ሬጅስትሪው ምዝገባውን በራሱ በአንድ ዓመት ያራዝመዋል፤ ሬጅስትራሩ፣ ማለትም ስሙን ለደንበኛው የሸጠው ድርጅት፣ እንዲሰርዘው እስከ 45 ቀን ጊዜ አለው። ስለዚህ በዚያ መሃል የሬጅስትሪው ቀን የሚቀጥለውን ዓመት፣ የሬጅስትራሩ ቀን ያለፈውን ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱን በአንድ መስክ አትጨፍልቁ። ከተሰረዘ በኋላም 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ፣ ቀጥሎ 5 ቀን የስረዛ መጠበቂያ አለ።

«አርዳፕ መጥቷል፤ የፖርት 43ን ኮድ ጣሉት።»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ለመታረም አስቸጋሪ ነው። አርዳፕ የሁኢዝ ተተኪ ፕሮቶኮል ነው፤ በኤችቲቲፒኤስ ተጠይቆ በጄሰን ይመልሳል፤ የዶሜይን ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን ጄኔሪክ ቅጥያዎችን (እንደ ዶት ኮም ያሉ፣ የአገር ያልሆኑትን) በሁኢዝ እንዲመልሱ ያስገድድ የነበረው ግዴታ በ2025 ጃንዋሪ 28 አብቅቷል። ለእነዚህ መጀመሪያ አርዳፕን ጠይቁ። የአገር ቅጥያዎች ግን በዚያ ግዴታ አይገዙም፤ በርካቶቹ የኢንተርኔት ስሞችና ቁጥሮች መዝገብ በሚይዘው በአያና የአርዳፕ ማውጫ ውስጥ የሉም። ማውጫው ውስጥ የሌለ ቅጥያ ሲመጣ ወደ ፖርት 43 መውረድ የግድ ነው። ማውጫውን ደግሞ በየጥያቄው አታውርዱት፤ የኤችቲቲፒ ማብቂያ ጊዜውን አክብራችሁ ካሽ አድርጉ።

«ጄሰን ስለሆነ ስህተት የለውም» የሚለውም እዚሁ ይነሳል። አርዳፕ 404 ሲመልስ ስሙ የለም ማለት ነው፣ 429 ሲመልስ ቀስ በሉ ማለት ነው። ጥሩ። ግን 404 አድራሻውን ስትገጣጥሙ ተሳስታችሁም ይመጣል። የዶት ኮም መነሻ አድራሻ «ኮም፣ ስላሽ፣ ቪ1፣ ስላሽ» ብሎ ያበቃል። የመጨረሻውን ስላሽ «ለማጽዳት» ቆርጣችሁ በተለመደው የአድራሻ መቀጠያ ፈንክሽን «ዶሜይን፣ ስላሽ» ብላችሁ ብትቀጥሉ «ቪ1» ይጠፋል። ከ«ዶሜይን» በፊት ስላሽ ብታስቀምጡ ደግሞ «ኮም»ም አብሮ ይጠፋል። በዚያ መንገድ ምንም የለምና ሰርቨሩ 404 ይላል፣ ላይብረሪያችሁም የዶት ኮም ስም ሁሉ ነጻ ነው ብሎ ያርፋል። የተመዘገበ መሆኑ የታወቀ አንድ ስም በየመነሻ አድራሻው የሚጠይቅ የቁጥጥር ጥያቄ ይኑራችሁ፤ እሱ 404 ካመጣ የሌሎቹን 404 አትመኑ።

የሬጅስትራሩን ስም ስታወጡም አርዳፕ ስምና አድራሻ የሚያስቀምጥበትን፣ ጄካርድ የሚባለውን ቅርጽ በጥንቃቄ ያዙ። እያንዳንዱ ባሕርይ ራሱ ዝርዝር ነው፦ ስም፣ ፓራሜትር፣ ዓይነት፣ ዋጋ። የምትፈልጉት አራተኛው ላይ ነው። በስሙ ፈልጉ እንጂ «ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው» ብላችሁ በቁጥር አትያዙ። አድራሻ ሲሆን ደግሞ ያ አራተኛው ራሱ ሰባት ክፍል ያለው ዝርዝር ይሆናል።

«ስሙን ለማግኘት የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ቆርጦ መውሰድ ይበቃል።» በዶት ሲኦ ዶት ዩኬ ላይ ይህን ብታደርጉ የቀራችሁ ቅጥያው ብቻ ነው። ፐብሊክ ሰፊክስ የሚባለውን የቅጥያዎች ዝርዝር ተጠቀሙ፤ ከውስጡም የአይካን ክፍሉን ብቻ። የግል ክፍሉ ውስጥ እንደ ጊትሃብ ዶት አይኦ ያሉ አሉ፣ ከሥራቸው ላሉት ስሞች የሚጠየቅ ሬጅስትሪ የለም።

«የሰርቨር አድራሻ አንዴ ከተጻፈ ይኖራል፤ የሚመጣውም ጽሑፍ ነው፣ ምን ያደርጋል።»

የዶት ሞቢ ሁኢዝ ሰርቨር ወደ ሌላ አድራሻ ከተዛወረ በኋላ የቀድሞው ዶሜይን ሳይታደስ ቀረ። በእ.ኤ.አ. 2024 ዋችታወር የተባለው የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች በ20 ዶላር ገዙትና ሰርቨር አቆሙበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ135,000 በላይ ሲስተሞች እየመጡ ጠየቋቸው፤ አድራሻው በየኮዱ ውስጥ ተጽፎ ቀርቶ ነበር። የሚመልሱት ጽሑፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ ቀድሞ ታይቷል፦ ፒኤችፒ ሁኢዝ በተባለው ላይብረሪ ላይ በሲቪኢ-2015-5243 የተመዘገበው የደኅንነት ክፍተት፣ ተንኮል ያለበት የሁኢዝ መዝገብ የጠያቂው ማሽን ላይ ኮድ እንዲያስኬድ ያስችል ነበር።

ስለዚህ የአድራሻ ሠንጠረዡን ከአያና የሁኢዝ ሰርቨር ጋር የሚያነጻጽር ሥራ በየጊዜው ይሂድ። ጥያቄ ውስጥ ካሪጅ ሪተርንም ላይን ፊድም አትፍቀዱ። ሰርቨሩ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲመራችሁ የውስጥ ኔትዎርክ አድራሻ አለመሆኑን አረጋግጡ፣ ከሁለት ዝላይ በላይም አትከተሉ። የመልሱን መጠን ገድቡ፤ 1 ሜጋባይት ከበቂ በላይ ነው። ታይምአውቱ ለጠቅላላው ጥያቄ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ንባብ ብቻ ከሆነ በየአሥር ሰከንዱ አንድ ባይት የሚልክ ሰርቨር ፕሮግራማችሁን ቀኑን ሙሉ ይዞ ያውለዋል።

«ቴስቱ እውነተኛውን ሰርቨር ካልጠየቀ ዋጋ የለውም።» ፑል ሪኩዌስት በተከፈተ ቁጥር መቶ ሰርቨር የሚጠይቅ ቴስት በገደብ ይታገዳል፣ ከዚያ ቀይ ሲሆን ማንም አያየውም። ለእያንዳንዱ ቅጥያ ሦስት መልስ ቅዱና አስቀምጡ፦ የተመዘገበ፣ ያልተመዘገበ፣ በገደብ የተከለከለ። ፋይሉ የመጣው ባይት እንዳለ ይሁን፤ ወደ ዩቲኤፍ-8 ተቀይሮ ከተቀመጠ የኢንኮዲንግ ስህተት ቴስት ላይ አይታይም። የግለሰብ ስም፣ ስልክና ኢሜይል ካለበት ግን ወደ ኮድ ማከማቻው ከመግባቱ በፊት በዚያው ርዝመት በሌላ ፊደል ተኩት፤ ጊት ውስጥ አንዴ የገባ ስልክ ቁጥር በኋላ ፋይሉን በማጥፋት ከታሪኩ አይወጣም።