የፋዩም ሥዕሎች ምንድን ናቸው?

ሙዚየም ገብታችሁ ከሥዕሉ በፊት የሰዓሊውን ስም የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ አይሳካላችሁም። የሳላቸው አይታወቅም።

የፋዩም ሥዕሎች የሚባሉት ግብፅ በሮም ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በተለይ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን፣ በስስ እንጨት ላይ የተሳሉ የሰው ፊቶች ናቸው። ሰው ሲሞት ሬሳው በግብፆች ልማድ ይደርቅና በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ሥዕሉ ደግሞ ልክ ፊቱ ባለበት ቦታ ይገባል። ብዙዎቹ የተገኙት ከካይሮ ደቡብ ምዕራብ ባለው ፋዩም አካባቢ ነው፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ደረቁ አሸዋ ባያቆይልን ኖሮ አንዱም አይተርፍም ነበር። ዛሬ ወደ 1,000 የሚጠጉ ይታወቃሉ።

ታዲያ ምናቸው ነው የሚስበው? አንደኛ፣ ብዙዎቹ ቀለም ከሰም ጋር ተቀላቅሎ የተሠሩ ስለሆኑ ቆዳው ወዝ አለው፣ ትናንት የተሳለ ይመስላል። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ያዩሃል። ግን ለእኔ ዋናው ሌላ ነው፦ ታላቅ ስም ያለው ሥዕል ፊት ስንቆም ግማሹ ሐሳባችን ሰዓሊው ላይ ይቀራል፣ እዚህ ግን የሚደነቅ ስም ስለሌለ ቀጥታ ወደ ሰውየው ነው የምንሄደው፤ ጺሙ ገና ብቅ ያለ ጎረምሳ፣ የጆሮ ጌጧን አድርጋ የተሳለች ወይዘሮ።

ለታሪክ አጥኚም ሀብት ናቸው። የሴቶቹ ፀጉር አሠራር የሮም ቤተ መንግሥትን ፋሽን ስለሚከተል ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። (ፋሽን መከተል ያኔም ነበር!) የሰዎቹ ስም የግሪክ፣ ልብሳቸው የሮም፣ ቀብራቸው የግብፅ። ያን ድብልቅ ኑሮ እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ነገር ብዙ የለም።

ሰዓሊዎቹም ጨርሰው አልጠፉም። አሜሪካ ውስጥ በርክሌይ በምትባል ከተማ ያለ አንድ የሥዕል እንጨት ላይ ሰዓሊው ለራሱ በግሪክኛ የጻፈው ማስታወሻ ይታያል፤ የትኛው ቦታ ምን ቀለም እንደሚገባ ጽፏል። ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ማለት ነው፣ ደንበኛ የሚጠብቀው። አጥኚዎች ደግሞ የብሩሽ አጣጣሉን እያነጻጸሩ የአንድ እጅ ሥራ የሚመስሉትን ይሰበስቡና ለሰዓሊው ስም ያወጡለታል። ከእነሱ አንዱ «የኢሲዶራ ሰዓሊ» ይባላል። ኢሲዶራ ማን ናት? የሳላት ሴትዮ። የራሱ ስም ጠፍቶ በደንበኛው ስም ይጠራል።