ፍራኪንግ ምንድን ነው? ከገጠር የጉድጓድ ውኃስ ጋር ምን አገናኘው?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ሰውዬው የወጥ ቤቱን ቧንቧ ይከፍትና ላይተር ያስጠጋል፣ ውኃው ቦግ ይላል። ብዙዎቻችን ፍራኪንግ የሚለውን ቃል የሰማነው በዚህ ዓይነት ቪዲዮ ነው። ግን ቪዲዮው ያስደነግጣል እንጂ አያስረዳም። እንዲያውም ነገሩን ግማሽ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

እንግዲህ ከድንጋዩ እንጀምር። የተፈጥሮ ጋዝ ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ሲገኝ፣ ትቆፍራለህ፣ በራሱ ግፊት ይወጣል። ሼል የሚባለው ድንጋይ ግን ጥንት ከባሕር ሥር የተከማቸ ጭቃ ተጭኖና ጠጥሮ የተፈጠረ ነው። ጋዙ ውስጡ አለ፣ መውጫ ግን የለውም። ስለዚህ ኩባንያው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ይቆፍርና መሰርሰሪያውን አጥፎ በድንጋዩ ውስጥ ለውስጥ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከዚያም ውኃ፣ አሸዋና ትንሽ ኬሚካል ቀላቅሎ በከፍተኛ ግፊት ይለቅበታል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ፍራኪንግ የሚባለው ይህ ማሰንጠቅ ነው። አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይዘጋ ይይዘዋል፣ ጋዙም በዚያ ይወጣል። ለአንድ ጉድጓድ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ ሊሄድ ይችላል።

ማሰንጠቁ ራሱ አዲስ አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1947 ተሞክሯል። አዲሱ ነገር ከአግድም ቁፋሮው ጋር መጋባቱና ዋጋው ነው። ጆርጅ ሚቸል የሚባል የቴክሳስ ነጋዴ ባርኔት በተባለው ሼል ላይ ለዓመታት ገንዘቡን ሲያፈስስ ቆይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተሳካለት። (ዳላስ ያላችሁ፣ ባርኔት ማለት እዚያው ጎረቤታችሁ ፎርት ዎርዝ ሥር ያለው ድንጋይ ነው።) ከዚያ በ2008 አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የጋዝ ዋጋ በገበያው መለኪያ ለአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) 13 ዶላር ገደማ ደረሰ። በዚህ ዋጋ ሼል የማይቆፍር ማን አለ?

የኩባንያ ወኪሎች ፔንሲልቬኒያ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ገጠር ገብተው «መሬታችሁን ለጋዝ ቁፋሮ አከራዩን» እያሉ በር ያንኳኩ ጀመር። ዲሞክ በምትባል ትንሽ ቀበሌ ቀድመው የፈረሙ ገበሬዎች ለአንድ ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) 25 ዶላር ነው የተቀበሉት። ቆይተው የፈረሙ ሌሎች ባለመሬቶች ለዚያው ኤከር ሺዎች አገኙ። ጋዙ ሲወጣ ደግሞ ባለመሬቱ በሕግ ቢያንስ 1/8ኛ ድርሻ አለው፣ ግን ድርሻው ከዋጋው ጋር አብሮ ይወርዳል። ሁሉም ስለቆፈረ ጋዙ ገበያውን አጥለቀለቀው፣ በኤፕሪል 2012 ዋጋው ከ2 ዶላር በታች ወረደ። ጉድጓዱ ግን አንዴ ተቆፍሯል።

ውኃው ጋ እንምጣ። (ሁለቱንም ጉድጓድ ስለምንላቸው ግራ እንዳያጋባችሁ፣ የጋዙን የጋዝ፣ የውኃውን የውኃ እያልኩ ነው የምለየው።)

ኩባንያዎች «ፍራኪንግ ውኃ አይበክልም» ሲሉ የቃል ጨዋታ አለበት፦ ፍራኪንግ የሚሉት ታች ያለውን ማሰንጠቅ ብቻ ነው። ስንጥቁ ያለው 2 ኪሎ ሜትር ታች ነው፣ የገበሬው የውኃ ጉድጓድ ግን ብዙ ጊዜ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ በመሃሉ የትየለሌ ድንጋይ አለ። እውነት ነው። ነገር ግን የጋዙ ጉድጓድ ወደ ታች ለመውረድ የከርሰ ምድር ውኃውን አልፎ መሄድ አለበት። ውኃውን ከጋዙ የሚለየው በብረት ቱቦው ዙሪያ የተሞላው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው በደንብ ካልያዘ ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋናው ክፍል፣ ቦግ የሚለው እሱ ነው) በጎን በኩል ሽቅብ ይወጣና የገበሬው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሌላው መንገድ ላይ ላዩን ነው፦ ከጋዙ ጋር የሚመለሰው ቆሻሻ ውኃ እጅግ ጨዋማ ነው፣ ባሪየም (መርዛማ ሊሆን የሚችል ብረት) እና ራዲየም (ጨረር አመንጪ ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ ይፈሳል፣ ከማጠራቀሚያ ያመልጣል። እና ውኃው የተበላሸበት ሰው «በየትኛው ደረጃ ላይ ነው የተበላሸው» ብሎ የሚጨነቅ ይመስላችኋል?

ዲሞክ ላይ የሆነውን እዩ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 የአንዲት ነዋሪ የውኃ ጉድጓድ ፈነዳ፣ በውስጡ የተጠራቀመው ሚቴን ነበር። ግዛቱ እዚያ ጋዝ የሚቆፍረውን ካቦት ኦይል ኤንድ ጋዝ የተባለ ኩባንያ ተጠያቂ አደረገና በአካባቢው እንዳይቆፍር አገደው። በ2011 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ከጋዝ ጉድጓድ 1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ባሉ የውኃ ጉድጓዶች የሚቴኑ መጠን ራቅ ካሉት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 17 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የፍራኪንጉ ፈሳሽ ግን አልተገኘም። ይሄ ጣቱን ወደ ቱቦውና ወደ ሲሚንቶው ነው የሚቀስረው። ጉዳዩ እየተጓተተ ሄዶ በ2022 መጨረሻ ኮቴራ የሚል አዲስ ስም የያዘው ኩባንያ ፍርድ ቤት የቀረበበትን ክስ አልቃወምም አለ፣ ለቧንቧ ውኃ መስመርም ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ሰሞን ከዲሞክ ሥር ጋዝ እንዲያወጣ እንደገና ተፈቀደለት። በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ክረምት ላይ የጋዝ ዋጋ ከ9 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር።

አሁን ለኩባንያዎቹም እንፍረድ። ሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ማንም ጋዝ ሳይቆፍር በፊትም ሚቴን ያለባቸው የውኃ ጉድጓዶች ነበሩ። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ማን አስገባው? መሬቱ ራሱ። ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት ውኃህን ካላስመረመርክ «ድሮም እንዲህ ነበር» ስትባል መልስ የለህም።

ችግሩ ደግሞ የግል የውኃ ጉድጓድ የሚመረምር ማንም የለም። የ1974ቱ የፌዴራል የመጠጥ ውኃ ሕግ የግል ጉድጓድን አይመለከትም። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ አለ። ጭራሽ በ2005 የወጣው የኢነርጂ ሕግ ፍራኪንግን ናፍጣ እስካልተጠቀመ ድረስ ወደ መሬት ውስጥ ፈሳሽ ከመልቀቅ ቁጥጥር ነፃ አደረገው። የግዛቱ የ2012 ሕግ ግን አንድ ደህና ነገር አለው፦ የጋዝ ጉድጓዱ ከውኃ ጉድጓድህ በ760 ሜትር ውስጥ ከሆነና ውኃህ የጋዝ ጉድጓዱ ሥራ ካለቀ በ12 ወር ውስጥ ከተበላሸ ጥፋተኛው ኩባንያው ነው ተብሎ ይጀመራል። ኩባንያው ከዚህ የሚያመልጥበት አንዱ መንገድ የቅድመ ቁፋሮ ምርመራ ማሳየት ነው፣ ወይም ባለቤቱ አላስመረምርም ማለቱን። መርማሪ ሲመጣ በር መዝጋት ጀግንነት የሚመስለው ካለ፣ አይደለም። አስገቡት፣ የራሳችሁንም ምርመራ በፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ አሠሩ፣ ሚቴን፣ ክሎራይድና ባሪየም እንዲታይ ጠይቁ።

ሦስት ኢኮኖሚስቶች ደግሞ የፔንሲልቬኒያ ቤቶች የተሸጡበትን ዋጋ አይተው በ2015 አሳትመዋል። አጠገቡ የጋዝ ጉድጓድ የተቆፈረበት ቤት የቧንቧ ውኃ ካለው ዋጋው ብዙም አይነካም፣ እንዲያውም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። የራሱን ጉድጓድ የሚጠጣው ቤት ግን ዋጋው ይወርዳል። የቤቱ ውኃ ባይበላሽም፣ ስጋቱ ብቻ ይበቃል።

እዚያ አካባቢ ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ከሁሉ በፊት ውሉ ላይ አንድ ነገር እዩ። አሜሪካ ውስጥ የመሬቱ ላይና የመሬቱ ሥር ለየብቻ ሊሸጡ ይችላሉ። የጋዙን መብት የቀድሞው ባለቤት ሸጦት ወይም ለራሱ አስቀርቶት ከሆነ ቼኩ ለእሱ ነው የሚሄደው፣ ውኃውን የምትጠጡት ግን እናንተ ናችሁ።