ካፒቱላሲዮን ምንድን ነው? የሲሼልሱ አዛዥ እንደተጠቀመበት

ካፒቱላሲዮን በጦር ኃይል የተከበበ አዛዥ ቦታውን ለማስረከብ የሚፈርመው፣ በአንቀጽ የተከፋፈለ ውል ነው። «እጅ መስጠት» ብሎ መተርጎም ግማሹን ትርጉም ያስቀራል። እንዲሁ እጁን የሰጠ የአሸናፊውን ምሕረት ይጠብቃል፤ ውሉን የፈረመ ግን ወረቀቱን አውጥቶ የሚጠይቀው መብት አለው። (በ1908 እ.ኤ.አ. የክሎቡኮውስኪ ውል ፈረንሳዮች በኢትዮጵያ ያገኙት የተለየ የዳኝነት መብትም የዚሁ ስም ዘመድ ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። መርከቦቹ መልሕቅ ይጥላሉ፤ አንድ መኮንን ነጭ ባንዲራ ይዞ ወደ የብስ ይወጣና አስረክቡ ይላል። የተከበበው ወገን ጥያቄዎቹን በተራ ቁጥር ይጽፋል፤ ሌላው ከየአንቀጹ ትይዩ «ተፈቅዷል» ወይም «አልተፈቀደም» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ የሚጠነክረው የመንግሥትና የግል ንብረት ሲለይ ነው፦ መድፉ፣ ባሩዱና የመንግሥት መጋዘኑ ለአሸናፊው፣ ቤቱና እርሻው ለባለቤቱ። በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች በሲሼልስ «የግል ንብረት» ከሚባለው ውስጥ ባሪያዎችም ነበሩበት፤ ውሉ ማንን ይጠብቅ እንደነበር ለማወቅ ይህን መርሳት አይገባም።

በዚህ ውል ከማንም በላይ የተራቀቀው ዣን ባቲስት ኬኦ ደ ኬንሲ ነው። በ1748 ፓሪስ ተወልዶ፣ በሲሼልስ የፈረንሳይ አዛዥ ሆነ፤ የሚታዘዘውም ከኢል ደ ፍራንስ፣ ከዛሬዋ ሞሪሸስ ነበር። ፈረንሳይና እንግሊዝ ጦርነት ላይ ሳሉ፣ በግንቦት 1794 ኮሞዶር ሄንሪ ኒውካም ኦርፊየስ፣ ሴንቱሪዮንና ሬዚስታንስ የተባሉ 3 የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ይዞ የሲሼልስ ዋና ደሴት ማሄ ደረሰ። ከ100 በላይ መድፍ ጭነዋል፤ የሚፈልጉት ግን በዋናነት ውኃና ስንቅ ነው። ደ ኬንሲ ይህን ኃይል የሚመክት ጦር አልነበረውም፤ ተደራድሮ ፈረመ። እንግሊዞቹ አንድም ወታደር ሳያስቀሩ ሄዱ፤ የፈረንሳይ ባንዲራም ተመልሶ ተሰቀለ።

የውሉ ድካም እዚህ ላይ ነው። የሚያስከብረው ዘብ በቦታው ከሌለ፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ካፒቴን ያለፈውን ፊርማ ላይቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ደ ኬንሲ መርከብ በመጣ ቁጥር ያድሰው ነበር፤ በጠቅላላው 7 ጊዜ እንደፈረመ ይነገራል። በኋላ ከዚያም አልፎ ለደሴቶቹ መርከቦች ልዩ ባንዲራ አስፈቀደ፦ ሰማያዊ መደብ፣ በላዩ ላይ በነጭ ፊደል «ሲሼልስ ካፒቱላሲዮን»። ይህን የሰቀለ መርከብ የእንግሊዝን እገዳ አልፎ ይነግዳል። እንግሊዞቹ ያልከለከሉት ወደው ብቻ አይደለም፤ ማሄ ላይ ውኃ፣ እንጨትና የኤሊ ሥጋ ያገኛሉ።

ውሉ የማይከላከለው አንድ ነገር አለ፦ የገዛ አገርህን የጦር መርከብ። በ1801 ሺፎን የተባለችው የፈረንሳይ ፍሪጌት (ፈጣን የጦር መርከብ) ናፖሊዮን ያጋዛቸውን ሰዎች ማሄ አራግፋ፣ ምሰሶዋን ለመጠገን ወደቡ ውስጥ ቆመች። ከየብስ ላይ የመድፍ ምሽግ፣ ጥይቱን የሚያግል ምድጃ ጭምር ተዘጋጀላት። በነሐሴ ሲቢል የተባለችው የእንግሊዝ ፍሪጌት መጥታ እዚያው ወደቡ ውስጥ ተዋግታ ማረከቻት። ሰላማዊዋ ማሄ ለጥቂት ጊዜ የጦር ሜዳ ሆነች፤ ደ ኬንሲም እንደገና ለድርድር ተቀመጠ።

ታኅሣሥ 1810 ኢል ደ ፍራንስ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ፣ የእሷም ካፒቱላሲዮን ነዋሪዎቹ ሃይማኖታቸውን፣ ሕጋቸውንና ልማዳቸውን እንዲይዙ ፈቀደ። የሲሼልስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም በፈረንሳይ ሕግ ላይ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በ1811 አንድ የእንግሊዝ መኮንን አስተዳዳሪ ሆኖ መጣ። ደ ኬንሲ ግን ከደሴቱ አልወጣም፤ የስሙን አጻጻፍ እንግሊዝኛ እንዲመስል አድርጎ፣ ለአዲሶቹ ጌቶች የሰላም ዳኛ (ትንንሽ ጉዳዮችን የሚያይ ዳኛ) ሆኖ አገለገለ። በ1827 አርፎ የተቀበረው በገዥዎቹ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው።